የሰር ራልፍ ፋውለር የሕይወት ታሪክ

በዚህ የበዓል መጽሔት የነገሥታት ታሪክ ስለማይጠፋ፣ እኛ የአንድ የሂሳብ ሊቅ ሕይወት ለማቅረብ መረጥን።

ሰር ራልፍ ሃዋርድ ፋውለር በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ፣ ሮይደን በሚባል መንደር በ1889 ዓ.ም. ተወለዱ፤ (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በካምብሪጅ፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ የተማሩት ሂሳብ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ ጋሊፖሊ ዘምተው ትከሻቸውን ክፉኛ ቆሰሉ። ካገገሙ በኋላ የመድፍ ጥይት በአየር ላይ እንዴት እንደሚሄድ መረመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ልባቸው ወደ ፊዚክስ አደላ። ያ ቁስል ባይደርስባቸው ኖሮ ምናልባት ዛሬ ስማቸውን ባላነሣን ነበር።

በ1921 ዓ.ም. የታላቁን ሊቅ የራዘርፎርድን ብቸኛ ልጅ ኤይሊንን አገቡ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ከጀርመናዊው ሎታር ኖርድሃይም ጋር ሆነው አንድ ከባድ እንቆቅልሽ ፈቱ። ቀዝቃዛ ብረት በኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲቀመጥ ኤሌክትሮኖች ከገጹ እንደሚያመልጡ ቀድሞ ታይቶ ነበር፤ ምክንያቱ ግን በሚገባ አልታወቀም። በጥንቱ ፊዚክስ አስተሳሰብ ኤሌክትሮን ከብረት ለመውጣት እንደ ፋሲል ግቢ ቅጥር ያለ ግንብ መዝለል አለበት። ሁለቱ ሊቃውንት መስኩ ሲበረታ ግንቡ እየሳሳ እንደሚሄድ፣ ኤሌክትሮኑም ሳይዘል በመካከሉ ሾልኮ እንደሚያልፍ በቀመር አሳዩ። ነገሩ ለማመን ያስቸግራል፤ ሆኖም እውነት ነው።

ይህ ቀመር ዛሬ የአቶም ቅንጣቶችን በሚያፈጥኑ ታላላቅ መኪናዎች ዘንድ በየቀኑ ይፈለጋል። በብዙዎቹ ውስጥ ከኒዮቢየም የተሠሩ ጎድጓዳ ክፍሎች አሉ። በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 271 ዲግሪ ሲቀዘቅዙ፣ ኤሌክትሪክ በገጻቸው ላይ ከሞላ ጎደል ያለ ብክነት ይሄዳል። ጠላታቸው ትቢያ ነው! በዓይን የማትታይ አንዲት የብረት ብናኝ በውስጥ ገጻቸው ላይ ብታርፍ፣ መብረቅ በደጋችን ጉብታ ላይ ብቻውን የቆመውን ዛፍ እንደሚመታ ሁሉ፣ መስኩ በሹል ጫፏ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያም ኤሌክትሮኖች ሾልከው ወጥተው ለቅንጣቶቹ የታሰበውን ኃይል ይበላሉ፤ ግድግዳውን ያሞቃሉ፤ የኤክስ ጨረርም ያስነሣሉ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ገጹን በአሲድ ያለሰልሳሉ፤ በብርቱ ግፊት በሚረጭ እጅግ ንጹሕ ውኃ ያጥባሉ፤ አቧራ በተከለከለበት ክፍልም ይገጣጥማሉ። በ2017 ዓ.ም. በሐምቡርግ አካባቢ ሥራ የጀመረው የኤውሮጳ የኤክስ ጨረር ሌዘር እንዲህ ያሉ ክፍሎች ከ700 በላይ አሉት። ያን ያህል ዕቃ ያለ ትቢያ መሥራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምት።

ሰር ራልፍ ይህን ለማየት አልታደሉም። በ1930 ዓ.ም. ባለቤታቸው አራተኛውን ልጅ ከወለዱ በኋላ አረፉ። እርሳቸው ግን ማስተማራቸውን አልተዉም፤ ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ዲራክና ቻንድራሴካር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጤንነታቸው እየተዳከመ ሳለ፣ ለአገራቸው መንግሥት በሳይንስ ጉዳይ ሲያገለግሉ ቆይተው በ1944 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው ሞቱ።