በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጽፈው ለመድረክ ያበቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያደብር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ዓድዋ ሲዘምት ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ተክለ ሐዋርያት ከራስ መኮንን ጦር ጋር አብረው ዘመቱ።

ከድሉ በኋላ ለትምህርት ወደ ሩስያ ተላኩ። በዚያም ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው የመድፈኛ መኮንንነት ሙያ ተማሩ። በሩስያና በኋላም በምዕራብ አውሮፓ ሳሉ ቴአትር ሰውን እያዝናና የሚያስተምር፣ የመንግሥትንና የሕዝብን ጉድለት ገልጦ የሚያሳይ ትልቅ ጥበብ መሆኑን ተገነዘቡ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን በአዲስ አበባ ቴአትር እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ቴአትር ምን እንደሚመስል ለማሳየት አስበው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱ በፈረንሳዊው ደራሲ በላ ፎንቴን ተረቶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በአውሬዎች ጠባይ እያመካኘ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነትና የአገሪቱን ኋላ ቀርነት ይነቅፋል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ መኳንንቱ ባሉበት ታየ።

ተመልካቾቹ የአውሬዎቹን ንግግር ከራሳቸው ኑሮ ጋር ለማመሳከር ብዙ አልተቸገሩም። የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥትም በነገሩ ስለ ተቆጣ ተውኔቱ ታገደ፤ ጽሑፉም እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዚህ ምክንያት ቴአትር ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ራቀ። እንደገና ያንሠራራው በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው የተባሉ ደራስያን ተነሡ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተውኔታቸው ቢታገድም አገርን የማሻሻል ዓላማቸውን አልተዉም። የጨርጨር ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ፤ አውራጃውም በአስተዳደር ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ደከሙ። ከዚያም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀችበት ወቅት ደግሞ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተሟገቱ።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ ወረራውን ሳይገታ ቀረ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሪቱን በያዘ ጊዜ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከአገራቸው ወጥተው የስደት ኑሮ ጀመሩ። በጅቡቲና በዔደን ከቆዩ በኋላ ወደ ማዳጋስካር ተሻገሩ። አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላም ቶሎ አልተመለሱም፤ ስደታቸው ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሲመለሱም በሐረርጌ፣ በሂርና የእርሻ ሥራ ይዘው ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉበት መጽሐፍም ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታተመ።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ደርሰዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ለመድረክ ያበቁት ተውኔት አንድ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ገና በጅምሩ ታግዷል። ነገር ግን የአማርኛ ቴአትር ታሪክ ሲጻፍ የሚጀመረው በዚያ በታገደው ተውኔት ነው።