ሳሙኤል ፍራንሲስ፦ የኒውዮርኩ መጠጥ ቤት ባለቤት

ስለ አሜሪካ ነፃነት ትግል ስንማር ቶሎ ትዝ የሚሉን እነ ጆርጅ ዋሽንግተንና እነ ቶማስ ጄፈርሰን ናቸው። እነዚህ ሰዎች ግን ለመምከርም ሆነ ለመከራከር የሚሰበሰቡበት ቤት ያስፈልጋቸው ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ አዳራሽ የለም፤ ያለው መጠጥ ቤት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በኒውዮርክ ከተማ ስመ ጥር የሆነ መጠጥ ቤት የከፈተውን የሳሙኤል ፍራንሲስን ሕይወት ባጭሩ ለማየት እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የቅኝ ግዛት ዘመን መጠጥ ቤት ምን እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። መንገደኛ ያድርበታል፣ ደብዳቤ ይመጣበታል፣ ነጋዴ ይዋዋልበታል። ጋዜጣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብ ፊደል ያልቆጠረውም ወሬውን ይሰማል። የፍርድ ቤት ሕንፃ ባልነበረበት አካባቢ ዳኛ የሚያስችለው እዚያው ነው። ታዲያ ይህ ቤት ለሁሉም እኩል ክፍት ነበር ማለት አይደለም። በብዙዎቹ ቅኝ ግዛቶች ለባሪያ ያለ ጌታው ፈቃድ መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነበር።

ፍራንሲስ በኒውዮርክ ከተማ መዝገብ ላይ በእንግዳ ማረፊያ ባለቤትነት የተመዘገበው በ1755 ነው። በ1762 በፐርልና በብሮድ መንገዶች ማዕዘን ላይ የሚገኘውን የደ ላንሲ ቤተሰብ ትልቅ ቤት ገዛ። መጠጥ ቤት አድርጎም የንግሥቲቱ ራስ የሚል ስም አወጣለት። ንግሥቲቱ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ባለቤት ሻርሎት ነች። ነገሩን ልብ በሉት፤ በንግሥቲቱ ስም የተጠራው ቤት ነው በኋላ የንጉሡ ተቃዋሚዎች መናኸሪያ የሆነው!

በ1768 የከተማው ነጋዴዎች የንግድ ምክር ቤታቸውን የመሠረቱት በዚሁ ቤት ነው። በሚያዝያ 1774 ደግሞ አንድ የመርከብ አዛዥ በድብቅ ሻይ ጭኖ ገብቷል ተብሎ እዚያው ቀርቦ ተጠየቀ፤ ከዚያም የተቆጣው ሕዝብ 18 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣለ። በነሐሴ 1775 ኤዥያ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከተማውን ስትደበድብ አንዱ የመድፍ ጥይት የቤቱን ጣሪያ በሳው።

በ1776 እንግሊዞች ከተማዋን ያዙ። ፍራንሲስ ሸሽቶ ኒው ጀርሲ ቢገባም በ1778 ተማረከና ለእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርትሰን ወጥ ቤት ሆኖ እንዲሠራ ተደረገ። በኋላ ለኮንግረስ ባቀረበው አቤቱታ እንደገለጸው፣ በዚህ ጊዜ ለአሜሪካውያን እስረኞች በድብቅ ምግብ ያደርስ ነበር። ኮንግረሱም ውለታውን አልረሳም፤ በ1785 ገንዘብ ወስኖለታል።

ከዚህ ቤት ታሪክ በጣም የሚያሳስበው የ1783ቱ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የአሜሪካ ተደራዳሪዎች እንግሊዞች ባሪያዎችን ይዘው እንዳይወጡ በስምምነቱ አስገብተው ነበር። የእንግሊዙ አዛዥ ጋይ ካርልተን ግን ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝ ወገን የገቡት ነፃ ናቸው፣ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ስለዚህ ከግንቦት እስከ ኅዳር ድረስ በየረቡዑ በፍራንሲስ ቤት ችሎት ይሰየም ነበር። የጥንት ጌቶች መጥተው ንብረታችን ነው ይላሉ፤ ጥቁሮቹ በበኩላቸው ነፃ መሆናቸውን ያስረዳሉ። አንድ ሰው ነፃ ሰው ሆኖ በመርከብ መውጣቱ ወይም ወደ ባርነት መመለሱ የሚወሰነው እዚያ ነው። ከኒውዮርክ የወጡት ወደ 3,000 የሚጠጉ ጥቁሮች ስማቸው በመዝገብ ሰፍሯል። ከእነሱ አንዱ ከራሱ ከጆርጅ ዋሽንግተን እርሻ ያመለጠው ሃሪ ዋሽንግተን ነበር። እሱም ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ ከዚያም ወደ ሴራሊዮን ሄዷል።

ችሎቱ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1783፣ ዋሽንግተን በዚያው ቤት ፎቅ ላይ መኮንኖቹን እያቀፈ ተሰናበተ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ይህንን ስንብት ነው። የረቡዑን ችሎት ግን እምብዛም አያነሱትም።

በ1785 ቤቱ የውጭ ጉዳይ፣ የገንዘብና የጦር መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ሆነ። ፍራንሲስ ከ1789 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በኒውዮርክ ቀጥሎም በፊላደልፊያ፣ የፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ቤት አዛዥ ሆኖ ወጥ ቤቱንና ግዢውን ተቆጣጠረ። እስከ 1794 ሠርቶ በጥቅምት 1795 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፈ።

ሰውየው ጥቁሩ ሳም በሚል ቅጽል ስም ይጠራ ስለነበር ጥቁር ነበር፣ አልነበረም የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። የ1790ው የሕዝብ ቆጠራ ነጭ ብሎ መዝግቦታል፤ በቤቱም አንድ ባሪያ እንደነበረ ያሳያል። በእኔ አስተያየት ቆዳው ምንም ዓይነት ቢሆን ይህኛው መረጃ ከባድ ነው። ለእስረኞች ምግብ የደበቀው እጅ፣ የነፃነት ታጋዮችን ያስተናገደው እጅ፣ ሰውን በባርነት የያዘ እጅም ነበር። የዘመኑ ነፃነት እስከ ምን ድረስ እንደነበር ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ቤቱ በ1904 በአንድ የአርበኞች ዘሮች ማኅበር ተገዝቶ ከታደሰ በኋላ ዛሬ ሙዚየምና ምግብ ቤት ነው። እኛም የታሪክ ተማሪዎች ምንጭ ስንፈልግ ከቤተ መንግሥትና ከጦር ሜዳ ሌላ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተከራክሮ የወጣበትን ቤት መጠየቅ እንዳለብን የፍራንሲስ ሕይወት ያስተምረናል።