ሄንሪክ ሾግረን

ሄንሪክ ሾግረን (ሐምሌ 17 ቀን 1891 ዓ.ም. – መስከረም 7 ቀን 1979 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 23 ቀን 1899 – ሴፕቴምበር 17 ቀን 1986) ስዊድናዊ የዓይን ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። የዓይን መድረቅ፣ የአፍ መድረቅና የመገጣጠሚያ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ የአንድ በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ በማሳየቱ ይታወቃል። በሽታው በእርሱ ስም የሾግረን ሕመም ወይም ሾግረን ሲንድረም ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሾግረን የተወለደው በስዊድን አገር ሾፒንግ በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። ሕክምና የተማረው በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ትምህርቱን በ1927 አጠናቀቀ። ባለቤቱ ማሪያ ሄልግሬን አብራው ሕክምና የተማረች ስትሆን፣ አባቷም የዓይን ሐኪም ነበር። ሾግረንም በስቶክሆልም ሆስፒታሎች በዓይን ሕክምና ክፍል መሥራት ጀመረ።

የእንባ ሥራ

የሾግረንን ግኝት ለመረዳት እንባ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። እንባ የሚወጣው በልቅሶ ጊዜ ብቻ አይደለም። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ስስ የእንባ ሽፋን በዓይን ላይ ይዘረጋል። ሽፋኑ ውሃ፣ ቅባትና ንፍጥ መሰል ፈሳሽ አለው። ውሃው ዓይንን ያጥባል፣ ቅባቱ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል፣ ንፍጥ መሰሉ ፈሳሽ ደግሞ ውሃው በዓይን ላይ እንዲረጋ ያደርጋል። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛው ግልጽ ክፍል የደም ሥር ስለሌለው፣ ኦክስጅን በአብዛኛው የሚያገኘው በዚህ እንባ በኩል ከአየር ነው። እንባ ሲያንስ ወይም ቶሎ ሲተን ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ይቀላል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ሁኔታው ከከፋ ኮርኒያ ይቆስላል፣ እይታም ይደበዝዛል።

የመጀመሪያዋ ታካሚ

በ1930 ገደማ ሾግረን አንዲት ሴት መረመረ። ዓይኗና አፏ ደርቀው ነበር፤ መገጣጠሚያዎቿንም ያማት ነበር። እነዚህ ምልክቶች ለሕክምና አዲስ አልነበሩም። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቴዎዶር ሌበር በ1882 በደረቀ ዓይን ላይ ክር የሚመስል ነገር እንደሚታይ ጽፎ ነበር። በ1888 ደግሞ ሀደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አፍ ድርቀት ጽፏል። በፈረንሳይም ሐኪሙ ጉዠሮ በ1925 ስለ ዕጢዎች መድረቅ አሳትሟል። ይሁን እንጂ በጊዜው አሠራር የዓይን ሐኪሙ ዓይንን፣ የጥርስ ሐኪሙ አፍን፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ መገጣጠሚያን ለየብቻ ያዩ ነበር። ሾግረን ግን ሦስቱንም አንድ ላይ አያቸው፤ ተመሳሳይ ታካሚዎችንም መፈለግ ጀመረ።

የ1933ቱ የመመረቂያ ጽሑፍ

ሾግረን ያገኘውን በ1933 የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ አድርጎ በጀርመንኛ አቀረበ። ጽሑፉ በ19 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ሁሉም የዓይን ድርቀት ነበረባቸው፤ 13ቱ ደግሞ ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ነበራቸው። የዓይኑን ሕመም ኬራቶኮንጀንክቲቫይቲስ ሲካ ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙም ከድርቀት የሚመጣ የኮርኒያና የዓይን ሽፋን ብግነት ማለት ነው። ይህ ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በምርመራው ሁለት ቀላል ዘዴዎች ተጠቅሟል። አንደኛው ጀርመናዊው ኦቶ ሺርመር በ1903 ያወጣው ምርመራ ነው። በዚህ ምርመራ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ተንጠልጥሎ ለ5 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያም እንባው ወረቀቱን ምን ያህል እንዳራሰው በሚሊ ሜትር ይለካል። ዛሬ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከባድ ድርቀት እንዳለ ይጠረጠራል። ሁለተኛው ሮዝ ቤንጋል የተባለ ቀይ ማቅለሚያ ነው። ማቅለሚያው በዓይን ላይ ሲንጠባጠብ የተጎዳውን ቦታ ለይቶ ያቀላዋል። በዚህም ታካሚዋ በቃል የምትናገረው ቁርቆራ ለሐኪሙ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ሆነ። ሾግረን የዕጢዎቹን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ደግሞ በነጭ የደም ሕዋሳት መወረራቸውን አየ።

መርማሪዎቹ ግን በጽሑፉ አልረኩም። የተሰጠው ውጤት ዝቅተኛ ስለነበር በስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማር የሚያበቃውን የዶሴንት ማዕረግ ሳያገኝ ቀረ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመሆን መንገዱም በዚሁ ተዘጋ።

በዮንሾፒንግ

ከዚህ በኋላ ሾግረን ከዋና ከተማው ርቆ ወደ ዮንሾፒንግ ከተማ ሄደ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽም በዚያ የሚገኘውን የሆስፒታል የዓይን ክፍል መምራት ጀመረ። የዕለት ሥራው ተራ የዓይን ሐኪም ሥራ ቢሆንም፣ የዓይን ድርቀት ያለባቸውን ታካሚዎች መመዝገቡንና ጽሑፍ ማሳተሙን አላቋረጠም።

ሥራውን ወደ ሰፊው ዓለም ያወጣው ትርጉም ነው። በ1943 ብሩስ ሃሚልተን የተባለ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም የመመረቂያ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ተመሳሳይ ታካሚዎች እንዳሏቸው ማሳወቅ ጀመሩ። በ1953 ሞርጋንና ካስልማን የተባሉ ተመራማሪዎች ሚኩሊች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገለጸው የዕጢዎች እብጠትና የሾግረን ሕመም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ መሆናቸውን አሳዩ።

ዕውቅናና ሞት

ሾግረን የዶሴንት ማዕረግ ያገኘው በ1957 በጎተንበርግ ነው፤ ይህም ጽሑፉን ካቀረበ ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1961 የስዊድን መንግሥት የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጠው። በመጨረሻ ዘመኑ ታሞ ይኖር ነበር። በ1986 በስሙ ስለተጠራው በሽታ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በኮፐንሃገን ሲካሄድ በሕመም ምክንያት መገኘት አልቻለም። በዚያው ዓመት በ87 ዓመቱ በሉንድ ከተማ አረፈ።

በሽታው ዛሬ ሲታወቅ

የሾግረን ሕመም የሚነሣው የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች ሲያጠቃ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመካከለኛ ዕድሜ ነው። ድካምን ሊያስከትል፣ ሳንባን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹ ሊምፎማ በሚባለው የካንሰር ዓይነት ስለሚያዙ የረጅም ጊዜ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ አንዲት ታካሚ ዓይኗ እንደደረቀ ስትናገር፣ አፏና መገጣጠሚያዋስ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ሆኗል።

የዓይን ድርቀት ሕክምናና ኮንታክት ሌንስ

የዓይን ድርቀት ሁሉ የሾግረን ሕመም አይደለም። ዕድሜ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ጭስ፣ ደረቅ ነፋስና ስክሪን ላይ ለረጅም ጊዜ ማፍጠጥም ያደርቃሉ። የተለመደው ሕክምና ሰው ሠራሽ እንባ ነው። በአንዳንድ ጠብታዎች ውስጥ ጀርም እንዳያድግ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በተደጋጋሚ ሲወሰድ የዓይንን ገጽ እንደሚጎዳ ስለታወቀ፣ ይህ ኬሚካል የሌለባቸውና በአንድ ጊዜ የሚያልቁ ጠብታዎች ተሠርተዋል። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ የእንባ መውረጃ ቀዳዳዎችን በትንሽ ቡሽ መሰል ነገር መድፈን ይሠራበታል። በ2002 በአሜሪካ የተፈቀደው የሳይክሎስፖሪን ጠብታ ከማራስ አልፎ ብግነቱን ይቀንሳል።

ድርቀት ለኮንታክት ሌንስ ተጠቃሚዎችም ዋና ችግር ነው። ብዙ ሰዎች ሌንስ መጠቀም የሚያቆሙት ዓይናቸው እየደረቀ ስላስቸገራቸው ነው። ሌንስ የሚቀመጠው በእንባው ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ሽፋኑን ከሁለት ይከፍለዋል፤ እንባው ቀድሞውኑ ያነሰ ከሆነ ቁርቆራው ይብሳል። የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽም ከሁለት አንጻር ይመዘናል፦ ጀርምን መግደል አለበት፣ ዓይንንም መጉዳት የለበትም። በ2006 አንድ የማጽጃ ፈሳሽ ፉሳሪየም በተባለ ፈንገስ ከሚመጣ የዓይን ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ከዓለም ገበያ ወጥቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የዓይን ድርቀት ሌሎች ትልልቅ ምክንያቶችም አሉት። ትራኮማ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ሲያደርገው እንባና ቅባት የሚያመነጩትን ዕጢዎች ይጎዳል። በ2005 እና 2006 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች 11.5 በመቶው ትራኮማ መሆኑን አሳይቷል፤ ከክልሎችም አማራ በእጅጉ ከተጠቁት አንዱ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ደግሞ በመጀመሪያ ዳፍንት፣ ቀጥሎ ዜሮፍታልሚያ የተባለውን የዓይን መድረቅ ያስከትላል። ይህን ለመከላከል ከ6 እስከ 59 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ኮረብታዎች በስተደቡብ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥነውም በዚያ ነው።

ከጀርም ያልጸዳ ውሃ ሁሉ፣ የቧንቧም ሆነ የምንጭ፣ አካንታሚባ የተባለ ጥቃቅን ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ተሕዋሱ በሌንስ ሥር ከገባ ኮርኒያን ክፉኛ ያቆስላል። በመሆኑም ሌንስ የሚጠቀም ሰው ፊቱን ከመታጠቡ፣ ከመዋኘቱ፣ ወይም እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን በመሰሉ ቦታዎች ጸበል ከመጠመቁ በፊት ሌንሱን ማውጣት አለበት። ሌንሱን ማጠቢያውም ለዚሁ የተዘጋጀው ፈሳሽ ብቻ ነው።

መታሰቢያ

ሾግረን የተወለደበት ጁላይ 23 በየዓመቱ የዓለም የሾግረን ቀን ሆኖ ይታሰባል። በፈረንሳይኛ ጽሑፎች በሽታው የጉዠሮና የሾግረን ሕመም ተብሎ በሁለቱም ስም ይጠራል።