አቡነ አረጋዊና የደብረ ዳሞ ገመድ

በአገራችን ገደልን በገመድ ስለ መውጣት ሲነሣ ከማንም አስቀድሞ የሚታወሱት አቡነ ዘሚካኤል አረጋዊ ናቸው። ስለ ቅድስናቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በሰፊው ጽፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ተከትሎ ለሙያችን የሚተርፈውን ቁም ነገር ማመልከት ነው። በሞተር ኃይል ገመድ እየሳበ ሰውን ወደ ዛፍ ጫፍ የሚያወጣ መሣሪያ በራሱ እጅ ሊሠራ የሚነሣ መሐንዲስ፣ ከሞተሩ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛልና።

በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ አረጋዊ የተወለዱት በሮም ግዛት ከነገሥታት ወገን ሲሆን አባታቸው ይስሐቅ፣ እናታቸው እድና ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው የዓለምን ክብር ትተው በአባ ጳኩሚስ ሥርዓት መነኰሱ። አረጋዊ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣላቸውም ገና በወጣትነታቸው እንደ በሰለ ሰው ጠባያቸው የታረመ፣ አስተያየታቸው የጠለቀ ስለ ነበረ ነው ይባላል።

በ451 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኬልቄዶን ጉባኤ በምሥራቅ ክርስቲያኖች መካከል መለያየትን ካስከተለ በኋላ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ዘጠኙ ቅዱሳን ወደ አክሱም መጡ። አቡነ አረጋዊም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። እነዚህ አባቶች ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ በመመለስና የገዳምን ሥርዓት በማስፋፋት ይታወቃሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በየአቅጣጫው ተሰማሩ፤ አባ ጰንጠሌዎን በአክሱም አቅራቢያ፣ አባ ገሪማ በአድዋ አካባቢ ሲቀመጡ፣ አቡነ አረጋዊ ከደቀ መዝሙራቸው ከማትያስ ጋር ወደ ዳሞ አመሩ።

ዳሞ ዙሪያውን በገደል የተከበበ፣ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ አምባ ነው። መውጫው በኩል ያለው ገደል ብቻ 15 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ወደ ላይ የሚያደርስ መንገድ በታጣ ጊዜ 60 ክንድ ርዝመት ያለው ዘንዶ ከአምባው ወርዶ ተጠመጠመባቸውና ወደ ላይ አወጣቸው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ዘንዶው ጉዳት እንዳያደርስባቸው ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። ሠዓሊዎቻችንም ይህን ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲስሉት ዘንዶውንና መልአኩን አብረው ያኖራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ በትረካው ውስጥ የሚያነሣው አንድ፣ የሚጠብቀው ሌላ ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ገብረ መስቀል በአምባው ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ሕንፃው ድንጋይና እንጨት በየተራ እየተነባበሩ የቆሙበት፣ የአክሱማውያን የአሠራር ጥበብ ምስክር ነው። የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን በ1906 እ.ኤ.አ. አጥንቶታል፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዛዊው አርክቴክት በዴሪክ ማቲውስ መሪነት ታድሷል። ያን ሁሉ ድንጋይና ወፍራም ግንድ ወደ ላይ ለማድረስ በግንባታው ጊዜ መወጣጫ ተሠርቶ ነበር ይባላል። ሥራው ሲፈጸም ግን አቡነ አረጋዊ መወጣጫው እንዲፈርስ አዘዙ፤ የዳሞ ስምም ማፍረስን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው የሚል ትውፊት አለ። ለግንባታ የሚያስፈልገው የማንሣት ዐቅምና ለኑሮ የሚያስፈልገው አንድ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ለመነኮሳቱ ኑሮ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚወጣበት ገመድ በቂ ነበር።

ገመዱ ከጠፍር የተገመደ ነው። ወጪው በእጁ ይዞ፣ እግሩን በገደሉ ላይ እያሳረፈ ሲወጣ፣ ከላይ ያሉት መነኮሳት በወገቡ የታሰረውን ሁለተኛ ገመድ ይስባሉ። ክንዱ ቢዝል ወይም እግሩ ቢስት ሁለተኛው ገመድ ይይዘዋል። በትረካው ለመልአኩ የተሰጠው የጥበቃ ሥራ፣ በገዳሙ ልማድ ለዚህ ገመድ ተሰጥቷል ለማለት ይቻላል። ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የቆመበትን ማንሻ ገመድ በሕዝብ ፊት አስቈርጦ ሳይወድቅ የቀረውም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ የያዘው ከገመዱ የተለየ፣ ገመዱ ሲላላ በስፕሪንግ ኃይል የሚነክስ መያዣ ነበር።

ኃይልን በተመለከተ ችግሩ የሚመስለንን ያህል ከባድ አይደለም። ከነትጥቁ 80 ኪሎ የሚመዝንን ሰው 15 ሜትር ለማውጣት 12,000 ጁል ያህል ይበቃል። በአንድ ደቂቃ ለማድረስ 200 ዋት፣ ግማሹ በማርሽና በሰበቃ ቢባክን እንኳ 400 ዋት ማለት ነው። አስቸጋሪው መያዙ ነው። ገመዱ በከበሮ ላይ ሦስት ጊዜ ቢጠመጠምና የሰበቃው መጠን 0.25 ቢሆን፣ በአንድ ጫፍ ያለውን 80 ኪሎ በሌላው ጫፍ ከ1 ኪሎ ያነሰ ኃይል ይይዘዋል። ውሃና ጭቃ ይህን መጠን ወደ 0.1 ቢያወርዱት ግን 12 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ክረምቱ በሚበረታበት በቆሰበርና በአካባቢው ዘር ለመልቀም፣ ቅርንጫፍ ለመመልመል ወይም ቀፎ ለመስቀል ዛፍ ለሚወጣ ሰው፣ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ እጅ ሲለቀው የሚያቆም ማብሪያና ማጥፊያ፣ ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ በእጅ መውረጃ ሊያበጅለት ይገባል። ከዚያም ከመሣሪያው ጋር የማይገናኝ፣ በሌላ ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ ሁለተኛ ገመድ ያስፈልጋል። ወጪው በዚህ ገመድ ላይ፣ ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዓይነት፣ ክብደት ሲያርፍበት በሚጠብቅ ቋጠሮ ይታሰራል። ሙከራውም በሰው ሳይሆን በአሸዋ ከረጢት መጀመር አለበት። ሞተሩ የሚመረጠው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው።

አቡነ አረጋዊ የቀረውን ዘመናቸውን በአምባው ላይ መነኮሳትን እያስተማሩ ኖሩ። የተከተሏቸው እናታቸው እድናም ከአምባው ግርጌ በሴቶች ገዳም ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን አቡነ አረጋዊ ሞትን ሳይቀምሱ ተሰወሩ ብላ ታስተምራለች፤ ጥቅምት 14 ቀንም በዓላቸውን ታከብራለች። መወጣጫውን አፍርሰው ለመነኮሳቱ የተዉላቸው የገመድ መንገድ፣ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመታት በላይ ወጪ ወራጁን አገልግሏል። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለውም ሁልጊዜ ሌላ ገመድና ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ስላልተለየው ነው።