ለወጣቱ ቦታ የለቀቀው ኩል ፓፓ ቤል

ቤዝቦል በአገራችን ብዙም አይታወቅም። ኳሷን በዱላ መትቶ አራት ማረፊያዎችን በሩጫ መዞር ነው ብንል ለዛሬ ይበቃል።

ጄምስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ። በ1922 ሴንት ሉዊስ ስታርስ ከሚባለው የጥቁሮች ቡድን ገባ። መጀመሪያ ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ በጭንቅ ሰዓት የማይደናገጥ በመሆኑ ኩል፣ ማለት ረጋ ያለ፣ ተባለ። ፓፓን አሠልጣኙ ጨመረበት። ኋላ ከሜዳው ዳር ኳስ ቀላቢ ሆነ። ሩጫውማ ጉድ ነው! ጓደኛው ሳቸል ፔጅ፣ ቤል መብራቱን አጥፍቶ ክፍሉ ሳይጨልም አልጋው ውስጥ ይገኛል እያለ ሰው ያስቅ ነበር።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ዋናዎቹ ሊጎች ጥቁር አያስገቡም። ዕድሜውን በጥቁሮች ሊግ፣ በኩባና በሜክሲኮ ሲጫወት ፈጀው።

በ1946 በሩ ሊከፈት ሲል ቤል 43 ዓመት ሆኖታል። ያን ዓመት በመቺነት ይመራ ነበር። ከኋላው የሚከተለው የተቃራኒ ቡድን ወጣት ሞንቴ ኧርቪን ነው። ቤል፣ ለእኔ አልፏል፣ እሱ ግን በነጮቹ ዘንድ ይታይ ብሎ ከመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ራሱን አገለለ። ክብሩን ኧርቪን ወሰደ፤ በ1949ም ኒው ዮርክ ጃያንትስ ገባ።

ቤልስ? በሴንት ሉዊስ ማዘጋጃ ቤት ጽዳት ሠራተኛ፣ ኋላም የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ኧርቪን በ1973 ሲገባ እሱ በ1974 ተከተለ። በ1991 ሞተ። የጥቁሮቹ ሊግ ከዋናዎቹ እኩል መሆኑ የታመነው ግን በ2020 ነው።