ጋፋት፦ የንጉሡ የሙያ ትምህርት ቤት



የእስቴ፣ የስማዳ ወይም የጋይንት ልጅ ከሆናችሁ ስለ አጼ ቴዎድሮስ ጀግንነት ብዙ ሰምታችኋል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለከፈቱት ትምህርት ቤት ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ቋራ ተወለዱ። እናታቸው ኮሶ ሸጣ አሳደገቻቸው እያሉ ጠላቶቻቸው ይሰድቧቸው ነበር። ልጇን በላቧ ያሳደገች እናት ምኗ ስድብ እንደሆነ እኔ አይገባኝም። ገዳም ገብተው ተማሩ፣ ሸፈቱ፣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፈው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ።

ያን ጊዜ ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ ይባላል። ማረሻውን ግን ሁሉም ከእሱ ይገዛል። ርስት የተከለከለው ሙስሊምም በሽመናና በንግድ ይኖራል። ልጁ ከአባቱ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ይህን ያህል ማግ ስንት ጋቢ እንደሚወጣው፣ ስንት ቢሸጥ ዋናው እንደሚመለስ፣ ለማን ዱቤ እንደማይሰጥ ይማራል። ትምህርት ብሎ የጠራው ግን አልነበረም።

ቴዎድሮስ የእጅ ሙያን አልናቁም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየርን የመሳሰሉ የአውሮፓ ባለሙያዎችን አሰፈሩ፤ የአገር ልጆችም ንባብና ጽሕፈትን ከእጅ ሙያ ጋር ይማሩ ጀመር። ፊደልና መዶሻ በአንድ ግቢ!

እውነቱን ግን አንደብቅም። እኚሁ ንጉሥ በኋላ ሙስሊሙን ሃይማኖትህን ቀይር ብለው አስገድደዋል። ጋፋትን ስናደንቅ ያንን በደል ረስተን አይደለም።

ሌላም ችግር ነበር። ንጉሡ ከጋፋት አብልጠው የፈለጉት መድፍ ነበር። ባለሙያዎቹ አንችልም ቢሉም ተገደው ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሠሩ። በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት፣ በጨጨሆ አድርጎ ወደ መቅደላ ተጎተተ። መንገድ ስላልነበረ እየተጠረገ ነው የሄደው፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ጋፋት ጸጥ አለ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አሁን ወደ ራሳችሁ ደብተር ተመለሱ። በአባቶቻችን ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ የእጅ ሥራና ቤት አያያዝ የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር። እናንተ 12ኛ ክፍል ስትደርሱ የወር ወጪያችሁን መዝግባችሁ ታውቃላችሁ? አባታችሁ በሬ ሲሸጥ ለመኖው የወጣውን ቀንሶ ትርፉን የሚያሰላ ከቤታችሁ ማነው? የመቶኛ ስሌት ተምራችኋል፤ መምህሩ ግን በእስቴ ገበያ የጤፍ ዋጋ አላስተማራችሁም። የሸማኔው ልጅ ይህን የሚያውቀው ገና በልጅነቱ ነበር። ቤታችሁ አሁንም የሚሸምን ወይም የሚነግድ አያት ካለ፣ ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጡና ሒሳቡን እንዴት እንደሚይዙት ጠይቋቸው።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሟል። መጻሕፍቱ የጋፋትን ፈረንጆች በስም ይጠራሉ። ከጎናቸው ወናፍ ይነፉ የነበሩትን የፋርጣና የእስቴ ልጆች ግን አይጠሯቸውም።