ትምህርት ቤት የሠራው አናጢ

ታቴይሺ ሴይጁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በተራራማው የጃፓን መካከለኛ ክፍል፣ በማትሱሞቶ ከተማ፣ የአናጢዎች አለቃ ነበር። እስከ ጐልማሳነቱ ድረስ የሚያውቀው የአገሩን የአሠራር ዘዴ ብቻ ነው።

በ1868 ዓ.ም. የሜጂ መንግሥት ተመሠረተ። በ1872 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ ልጅ ሁሉ እንዲማር ሲያዝ፣ ወጪውን ግን በአመዛኙ በሕዝቡ ላይ ጣለው። ስለዚህም በ1873 ዓ.ም. በአንዳንድ አውራጃዎች የተቈጡ ገበሬዎች ትምህርት ቤቶችን እስከ ማቃጠል ደረሱ።

በማትሱሞቶ የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት የካይቺ ትምህርት ቤት በተዘጋ የቡድሃ ገዳም ውስጥ ተከፈተ። ቀጥሎም አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ ተወሰነና ሥራው ለታቴይሺ ተሰጠ። ታቴይሺ ባሕር ተሻግሮ አልተማረም። ነገር ግን ወደ ቶክዮና ወደ ዮኮሃማ ሄዶ በምዕራባውያን ዘዴ የተሠሩትን አዳዲስ ቤቶች እየተመለከተ፣ ያየውን በማስታወሻው ሣለ፤ ጻፈም።

ሕንፃው በ1876 ዓ.ም. ተፈጸመ። ከሩቅ ሲታይ የድንጋይ ቤት ይመስላል፤ ነገር ግን አጥንቱ እንጨት፣ ልብሱ ኖራ ነው። ከእንጨቱም ከፊሉ የዚያው ገዳም ነበር። ከጣራው ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ ቆመ። ከበሩ በላይ ሁለት መላእክት የትምህርት ቤቱን ስም ይዘዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ የጃፓን ዘንዶ ተቀርጿል። መላእክቱ የተወሰዱት ከአንድ የቶክዮ ጋዜጣ የአርማ ሥዕል ነው።

ወጪው 11,000 የን ያህል ሲሆን፣ ከዐሥር ሰባቱን እጅ ያዋጣው የከተማው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ገንዘቡን፣ አናጢው እጁን ስላዋሉበት፣ ትምህርት ቤቱ እንደ ባዕድ ነገር አልታየም።

ታቴይሺ በ1894 ዓ.ም. ሞተ። ሕንፃው ግን እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስ ልጆች ተማሩበት፤ በ2019 ዓ.ም. ብሔራዊ ቅርስ ተባለ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ኩረጃ ነው ብሎ ማቃለል ቀላል ነው። ነገር ግን እኛ ተማሪዎች ከሌላ አገር የመጣ ዕውቀት በፊታችን ሲቀርብ መጠየቅ ያለብን፣ መልኩ የማን ነው ብለን ብቻ አይደለም፤ የሠራው የማን እጅ ነው፣ የከፈለበትስ ማን ነው፣ የሚማርበትስ የማን ልጅ ነው ብለንም ነው። ታቴይሺ ለሦስቱም የሚሆን መልስ በእንጨትና በኖራ ትቶ አልፏል።